ምዕራፍ 7፦ የሴቻ ዳገት ምስክርነት

አርባ ምንጭ ላይና ታች የተከፈለች ከተማ ናት። ታች ሲቀላ ገበያውና ንግዱ ይበዛል፤ ላይ ሴቻ መሥሪያ ቤቱና መኖሪያው ነው፣ የአባያና የጫሞ ሐይቆችን ቁልቁል የሚያሳየው አፋፍም እዚያ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ነገር ግን ዳገት ነው። ባጃጅ ተሳፍሮ ለሚመላለስ ሰው ይህ ዳገት ትዝም አይለውም። ያገለገለ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ሊገዛ ለተነሣ ሰው ግን ከሻጩ መሐላ፣ ከዳሽቦርዱ መብራትና ከአዲሱ ቀለም ይልቅ እውነቱን የሚነግረው እሱ ነው።

ያገለገለ የቤንዚን ሞተር ሳይክል የገዛ ሰው የገዛው ማሽን ነው። ያገለገለ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ወይም ፔዳል ያለው የኤሌክትሪክ ብስክሌት የገዛ ሰው ግን ከሁሉ በፊት የገዛው ባትሪ ነው። ጎማው፣ ፍሬኑ፣ ኩሽኔታው፣ መብራቱ፣ ሌላው ቀርቶ በኋላ ጎማው ውስጥ የተቀበረው ሞተር እንኳ በሲቀላ ጋራዦች ሊበጅ የሚችል ነገር ነው። ያረጀ ባትሪ ግን አይታደስም። ስለዚህ የዚህ ምዕራፍ አብዛኛው ክፍል ስለ ባትሪ ነው፤ ሌላው በአጭሩ ይታለፋል።

ያገለገሉ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሎች ገበያ አሁን ለምን እንደሰፋ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አሳወቁ። ከዚያ ቀደም ብሎም መንግሥት የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነጻ አድርጎ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የአዲስ ዕቃ ዋጋ ናረ። ቤንዚን ለመቅዳት በየማደያው ሰልፍ መያዝና ከጥቁር ገበያ በጠርሙስ መግዛት ደግሞ የደቡብ ከተሞች ሁሉ የሚያውቁት ድካም ነው። ዕቁብ የወጣለት ወጣት፣ ከሴቻ ሲቀላ የሚመላለስ መምህር፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ከተማ የሚወርድ ሠራተኛ ዓይኑን ወዳገለገለው ቢጥል አያስገርምም።

ሐሳቡ ደግሞ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ይህን በሙሉ ልቤ እላለሁ። የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውኃ ይመነጫል። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጊቤ ሦስት ያለው አርባ ምንጭ ካለችበት ከጋሞ ብዙም ሳይርቅ፣ ወላይታና ዳውሮን በሚያዋስነው የኦሞ ወንዝ ላይ ነው። ቤንዚን ግን በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ ከጅቡቲ ተጭኖ ነው አርባ ምንጭ የሚደርሰው። በቤት ሶኬት የሚሞላ ሞተር ሳይክል ለዚህ ከተማ የሚስማማ መጓጓዣ ነው፤ ባትሪው በሕይወት ካለ።

ቴክኖሎጂው አዲስ አይደለም። ኦግደን ቦልተን የተባለ አሜሪካዊ ሞተሩ በኋላ ጎማው መሐል፣ ባትሪው በመሐል ብረቱ ላይ ያለ ብስክሌት የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 1895 ነበር፤ ዓድዋ ላይ ከመዋጋታችን ሁለት ወር ቀደም ብሎ ማለት ነው። ዛሬ ሲቀላ የምናየው ሞተር ሳይክል አሠራሩ ከዚያ ብዙ አልራቀም። ባትሪ፣ ኃይሉን የሚመጥነው ኮንትሮለር፣ ጎማ ውስጥ ያለ ሞተር፣ በእጅ የሚዞር ጋዝ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ያስቸገረው ባትሪው ነው።

ከወንበሩ ሥር ያለው ምንድን ነው?

ለሻጩ የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ ዋጋ አይደለም፤ “ባትሪው የምን ነው?” የሚለው ነው። መልሱ ከሁለት አንዱ ይሆናል። አንደኛው የእርሳስ ባትሪ ነው፤ እያንዳንዱ ፍሬ 12 ቮልት ሆኖ አራቱ ሲቀጣጠሉ 48፣ አምስቱ 60፣ ስድስቱ 72 ቮልት ይሰጣሉ። ስድስት ፍሬ ባለ 20 አምፔር ሰዓት ባትሪ 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በዋጋ ይረክሳል፣ ፍሬ በፍሬ ሊለካ ይችላል፣ እሳት የማስነሣት ጠባዩም ዝቅተኛ ነው። ጉዳቱ ዕድሜው ነው። በየቀኑ እስከ ታች እየተሟጠጠ የሚሠራበት ከሆነ ከ200 እስከ 400 ጊዜ ከተሞላ በኋላ ይደክማል፤ ይህ በየቀኑ ለሚነዳ ሰው አንድ ዓመት ገደማ ነው።

ሁለተኛው ሊቲየም ነው። ይቀላል፣ ብዙ ጊዜ ይሞላል፣ ነገር ግን በታሸገ ሣጥን ውስጥ ስላለ ገዢ ውስጡን አያየውም። ሊቲየም የሚባለውም አንድ ዓይነት አይደለም። በብረትና ፎስፌት የተሠራው ከ1,000 ጊዜ በላይ መሞላት የሚችል፣ ሙቀትንም የሚታገሥ ነው። በኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት የተሠራው ክብደቱ ያነሰ ሆኖ ዕድሜው ያጥራል፣ ሲበላሽም የበለጠ አደገኛ ነው። ለአርባ ምንጭ ሙቀት እኔ የምመርጠው የፎስፌቱን ነው።

ሦስቱ ዓይነቶች ሁሉ “48 ቮልት” ተብለው ይሸጣሉ፤ ችግሩ የሚመጣውም ከዚህ ነው። 13 ሴል ያለው የኒኬል ሊቲየም ሲሞላ 54.6 ቮልት ይደርሳል። 16 ሴል ያለው የፎስፌት ሊቲየም ሲሞላ 58.4 ነው። አራት ፍሬ የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ ደግሞ ቻርጀሩ 59 ቮልት ገደማ ይሰጠዋል። ሶኬታቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ብቻ የአንዱን ቻርጀር ለሌላው መሰካት ይቻላል፤ የ58.4ቱ ቻርጀር በ54.6ቱ ባትሪ ላይ ሲሰካ እያንዳንዱ ሴል ከአቅሙ በላይ ይሞላል፣ በሣጥኑ ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ካልቆረጠው በቀር ይቃጠላል። ስለዚህ ከሞተር ሳይክሉ ጋር የራሱ ቻርጀር የሌለው ሻጭ ሲያጋጥም ያ ትንሽ ጉድለት አይደለም። በቻርጀሩ ጀርባ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር በስልክ ፎቶ አንሥቶ ከባትሪው ጽሑፍ ጋር ማስተያየት የግድ ነው።

የባትሪው ዕድሜ ደግሞ ከሞተር ሳይክሉ ዕድሜ የተለየ ነው። የሦስት ዓመት ሞተር ሳይክል የአራት ወር ባትሪ ሊኖረው ይችላል፤ የአንድ ዓመቱም ሳይነዳ ባዶውን የቆመ ከሆነ ባትሪው አብቅቶለት ይሆናል። በእርሳስ ባትሪ አናት ወይም ጎን ላይ ብዙ ጊዜ የተመረተበትን ዓመትና ወር የሚጠቁም ቁጥር ታትሞበታል። ስድስቱም ፍሬ አንድ ዓይነት ቁጥር መያዝ አለባቸው። አንዱ አዲስ፣ አምስቱ አሮጌ ከሆኑ ሻጩ የሞተውን ለውጦ ለገበያ አቅርቧል ማለት ነው፤ አሮጌዎቹ አዲሱንም ይዘውት ይወርዳሉ።

ዳገት ሳይወጡ የሚደረግ ፈተና

ሻጭ ሁሉ ሞተር ሳይክሉን ሞልቶ ነው የሚያቀርበው። ገዢ ግን ባዶውን ሊያየው ይገባል። ትንሽ ቀብድ አስይዞ፣ ምስክር አቁሞ፣ “ባትሪው እስኪያልቅ ይነዳ፤ ከዚያ በራሱ ቻርጀር ልሙላው” ማለት ነውር የለውም። የሚጠበቀው ሰዓት በቀላል ሂሳብ ይገኛል። 20 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ በ3 አምፔር ቻርጀር ሲሞላ ወደ ሰባት ሰዓት ይፈጃል፤ በመጨረሻ ቀስ ብሎ የሚጨርስበት ሲታከል ስምንት ይሆናል። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አረንጓዴው መብራት ከበራ ደስ ሊለን አይገባም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከሥሩ ድንጋይ ቢሞላ ቶሎ ጢም ይላል፣ ውኃው ግን ቶሎ ያልቃል፤ ያረጀ ባትሪም እንዲሁ ነው። የእርሳስ ባትሪ ከሆነ ደግሞ ተቃራኒውም አለ። አሥራ ሁለት ሰዓት ተሰክቶ መብራቱ ወደ አረንጓዴ የማይለወጥና ጎኑ የሚያቃጥል ከሆነ ውስጡ ደርቋል።

ሁለተኛው ፈተና ዓይን ነው። የባትሪው ጎን አብጦ ከሆነ፣ ሊቲየም ይሁን እርሳስ፣ ውይይቱ እዚያ ላይ ያበቃል። የሽቦ መጋጠሚያው ቀልጦ ወይም ጠቁሮ ከተገኘ፣ ፊውዙ በሽቦ ተተክቶ ከሆነ፣ አንድ ሰው ያለ ዕውቀት ነካክቶታል።

ከዚያ መልቲሜትር ያስፈልጋል። አርባ ምንጭ ውስጥ ቴሌቪዥንና ራዲዮ የሚጠግን ሁሉ አለው፤ ባለሙያውን ይዞ መሄድ ከሚከፈለው ገንዘብ አንጻር ቀላል ወጪ ነው። ቀለበትና የብረት ሰዓት ይውለቅ፤ 72 ቮልት ይጎዳል፣ በብረት ከተገናኘ ደግሞ ይቀልጣል። የተሞላና አንድ ሰዓት ያረፈ ጤናማ የእርሳስ ፍሬ 12.8 ቮልት ገደማ ያሳያል። ነገር ግን ይህ ቁጥር ብቻውን ማንንም ሊያታልል ይችላል። ያረጀ ባትሪም አርፎ ሲለካ ጥሩ ቁጥር ይሰጣል። ድካሙ የሚታየው ሲጫንበት ነው። ዕድሜ ሲጫነው በውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ መቋቋም ይጨምራል፤ ብዙ አምፔር ሲጠየቅ ቮልቱ ይሰምጣል፤ ጥያቄው ሲቆም ተመልሶ ይነሣል። የዳሽቦርዱ የባትሪ መስመሮች ይህን ቮልት ብቻ ስለሚያነብቡ ቆሞ ሳለ አምስት መስመር፣ ዳገት ላይ አንድ መስመር፣ አፋፉ ላይ እንደገና አራት መስመር ያሳያሉ።

ብዙ አምፔር የሚጠየቅበት ቦታ ደግሞ አርባ ምንጭ አላት።

ወደ ዳገቱ

ሲቀላ ሜዳው ላይ የሚደረግ ሙከራ ከንቱ ነው። ማንኛውም ባትሪ ሜዳ ላይ ይሮጣል። ሞልቶ፣ ሁልጊዜ ከሚጫነው ጋር፣ ሰው ኋላ የሚያፈናጥጥ ከሆነም አፈናጦ፣ ወደ ሴቻ መውጣት ነው። 72 ቮልት የሚባል ስድስት ፍሬ ባትሪ ሲነሣ 77 ቮልት ገደማ ይኖረዋል። ዳገቱ ላይ ወደ 72 ወይም 70 ቢወርድ ጤና ነው። ወደ 63 የሚጠጋ ከሆነ እያንዳንዱ ፍሬ በአማካይ 10.5 ቮልት ላይ ደርሷል ማለት ነው፤ ኮንትሮለሮች ባትሪውን ለማዳን የሚቆርጡትም እዚያ አካባቢ ነው። ሴቻ ደርሶ ወዲያው ወንበሩን ከፍቶ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ መለካት ያስፈልጋል። አምስቱ ተቀራራቢ ሆነው አንዱ በግማሽ ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ዝቅ ካለ በሽተኛው እሱ ነው።

ታሽጎ የመጣ ሊቲየም ዳገቱ መሐል ድንገት ጠፍቶ፣ ቁልፉ ተዘግቶ ሲከፈት የሚነሣ ከሆነ፣ በውስጡ አንድ የሴል ቡድን ደክሞ መቆጣጠሪያው እየቆረጠው ነው። “ሙቀቱ ነው” የሚል መልስ ይሰጣል። “ኮንትሮለሩ ነው” የሚልም ይኖራል። ሊሆን ይችላል። ግን ያንን የማረጋገጡ ወጪ የሻጩ እንጂ የገዢው መሆን የለበትም።

ዳገት ለምን ይህን ያህል እንደሚፈትን ሂሳቡን እንየው። ሞተር ሳይክሉና ነጂው በአንድነት 160 ኪሎ ቢመዝኑ፣ በየ100 ሜትር ከፍታ ክብደቱን ለማንሣት ብቻ 44 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ሞተሩና ኮንትሮለሩ በሙቀት የሚያባክኑት ሲታከል 60 ገደማ ይሆናል። ሜዳ ላይ መካከለኛ ሞተር ሳይክል በኪሎ ሜትር ከ25 እስከ 40 ዋት ሰዓት ይበላል። 72 ቮልት በ20 አምፔር ሰዓት ሲባዛ 1,440 ዋት ሰዓት ነው፤ አዲስ ሳለ። አርጅቶ 60 በመቶው ከቀረ 860 ነው። ይህ ለከተማ ውስጥ ኑሮ ይበቃል፤ ከሲቀላ ሴቻ ሁለት ሦስት ጊዜ ወጥቶ ለመውረድ አያንስም።

ጨንቻስ? ጨንቻ ከአርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ናት፣ አርባ ምንጭ 1,285። ከፍታውን ለመውጣት ብቻ ከ800 ዋት ሰዓት በላይ፣ ለርቀቱ ደግሞ በኪሎ ሜትር 30 ቢታሰብ 1,100 ያስፈልጋል። ድምሩ 1,900 ያልፋል። አዲሱ ባትሪ እንኳ አይደርስም፤ ያረጀው በመንገዱ ያለችውን ዶርዜን ሳያይ ይቆማል። “ጨንቻ ደርሼ እመለስበታለሁ” የሚል ሻጭ ሲገጥም ይህን ሂሳብ ማስታወስ ይጠቅማል። ላንቴ ሙዝ ሊጭን ለሚመላለስ፣ በሜዳው መንገድ፣ ጭነቱን በልክ ካደረገ ግን ይህ ዕቃ ያገለግላል።

ሴቻ ሲደረስ የኋላ ጎማው መሐል በእጅ መዳፍ ይዳሰስ። ጎማ ውስጥ ያለ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ማርሽ የለውም፤ ዳገት ላይ በዝግታ ሲሄድ ከሚወስደው ኃይል ብዙው ወደ ሙቀት ይለወጣል። መዳፍ ማረፍ የማይችል ከሆነ ሙቀቱ ከልክ አልፏል፣ ውስጡ ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ሽቦው ሽፋኑን እያጣ፣ ማግኔቱም እየደከመ ይሄዳል።

ሞተሩ ሲነሣ የሚንገጫገጭ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በውስጡ ያሉት ትናንሽ የቦታ ጠቋሚ ሴንሰሮች ናቸው፤ ርካሽ ዕቃ ነው፣ ጎማውን ፈትቶ የሚቀይር ባለሙያ ይበቃል። ቁልፉ ተዘግቶ ጎማው በእጅ ሲዞር እየነጠረ የሚይዝ ከሆነ ከሞተሩ የሚወጡትን ሦስት ወፍራም ሽቦዎች ከኮንትሮለሩ መለየት ነው። ከዚያ በኋላ በነጻ ከዞረ የተቃጠለው ኮንትሮለሩ ነው፤ አሁንም ከያዘ ሽቦው አክስሉ ውስጥ ተጨፍልቋል ወይም ሞተሩ ተቃጥሏል። ይህን የሚያውቅ ገዢ በዋጋ ድርድር ላይ ቃሉ ይከበራል።

ዋጋን በተመለከተ የምመክረው አንድ መንገድ ነው። ወደ ሻጩ ከመሄድ በፊት የዚያ ዓይነት አዲስ ባትሪ በሱቅ ስንት እንደሆነ መጠየቅ። ሻጩ ከሚጠራው ዋጋ ላይ ያንን መቀነስ። ባትሪው ፈተናውን ካላለፈ የሚከፈለው የቀረው ብቻ ነው፤ የቀረው ከዜሮ በታች ከሆነ ደግሞ ሰላምታ ሰጥቶ መሄድ።

ወረቀቱ እንደማንኛውም ተሽከርካሪ ነው። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር፣ የሞተር ቁጥሩም ጎማው መሐል ከተጻፈው ጋር ይመሳከር። ውሉ ላይ የባትሪው ዓይነት፣ ቮልቱ፣ አምፔር ሰዓቱና ቻርጀሩ ይጻፉ፤ “አንድ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል” ብቻ ብሎ መፈረም ኋላ ለክርክር ይዳርጋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል፤ ገዢ እያየና እያወቀ ለገዛው ጉድለት ግን ሕጉ አይደርስለትም። በጽሑፍ የሰፈረ ቃል የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ከገዙ በኋላ

አርባ ምንጭ ሞቃት ናት፤ የባትሪ ትልቁ ጠላትም ሙቀት ነው። የእርሳስ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል ያጥራል። በየካቲትና በመጋቢት ፀሐይ ላይ ቀኑን ሙሉ የቆመ ሞተር ሳይክል ወንበሩ ሥር ያለው ሙቀት ከአየሩ እጅግ ይበልጣል። ጥላ መፈለግ ለባትሪው የሚደረግ ትልቁ እንክብካቤ ነው። ዳገት ወጥቶ ወይም ፀሐይ ላይ ውሎ እንደገባ ወዲያው መሰካትም አይገባም፤ አንድ ሰዓት ይረፍ። ባትሪው እስኪያልቅ መጠበቅ የተሳሳተ ልማድ ነው። የእርሳስ ባትሪ በየማታው ሞልቶ ማደር ይወዳል። ሊቲየም ደግሞ ከሩብ በታች ሳይወርድ፣ ሁልጊዜም እስከ ጫፍ ሳይሞላ ቢሠራበት ይረዝማል።

ክረምት አገር ቤት የሚሄድ የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ ወይም ተማሪ ከመሄዱ በፊት ባትሪውን ማሰናዳት አለበት። ባዶውን ሁለት ወር የቆመ የእርሳስ ባትሪ ውስጡ በሰልፌት ይጋገራል፣ ከዚያ በኋላ አይድንም። እሱ ሞልቶ ይቀመጥ፣ በየወሩ የሚሞላው ሰው ይኑር። ሊቲየም ግማሽ ያህል ሞልቶ፣ ዋና መቁረጫው ተዘግቶ ይቀመጥ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚመጣው ኃይል አንዳንዴ ከፍ ብሎ ይመጣል፤ ብዙ ቻርጀር የሚቃጠለው ያኔ ነው። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን መንቀል፣ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት። ማቀዝቀዣና ምጣድ ከተሰኩበት ማከፋፈያ ላይ አለመደረብ።

በጋሞ ዝናቡ ሁለት ጊዜ ነው፤ ሚያዝያና ግንቦት፣ ከዚያም መስከረምና ጥቅምት። በእነዚህ ወራት ውኃ የሚገባው ሽቦው በአክስሉ በኩል ወደ ሞተሩ በሚዘልቅበት ቀዳዳ ነው። ሽቦው ከመግቢያው በታች ትንሽ ጎብጦ እንዲወርድ ከታሰረ ውኃው ከጉብታው ይንጠባጠባል፣ ወደ ውስጥ አይከተለውም። ጎማው መሐል ድረስ በሚውጥ ጎርፍ ውስጥ መንዳት አይገባም። እጥበቱም በጨርቅና በባልዲ እንጂ በግፊት ውኃ መሆን የለበትም። ውኃ የገባበት ሞተር ዛሬ ይሠራል፤ ኩሽኔታው ዝጎ መጮኽ የሚጀምረው ከሳምንታት በኋላ ነው።

ስለ ጎሚስታ አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብ። ጎማ የሚለጥፉልን ባለሙያዎች እጃቸው የሠለጠነው በባጃጅና በቤንዚን ሞተር ሳይክል ነው። የኤሌክትሪኩ የኋላ ጎማ ግን ከአክስሉ ጋር ወፍራም ሽቦ ይዞ ነው የሚወጣው። ሽቦው ከመጋጠሚያው ሳይላቀቅ ጎማው ከተጎተተ ይበጠሳል። ሲመለስም አክስሉን እንዳይዞር የሚይዘው የጥርስ ቀለበት በቦታው ካልገባ፣ ወይም ዳዶው በደንብ ካልጠበቀ፣ በመጀመሪያው ዳገት አክስሉ ራሱ ዞሮ ሽቦውን ይቆርጠዋል። ሳይፈታ በፊት በስልክ ፎቶ ይነሣ፤ ባለቤቱም እስኪያልቅ እዚያው ይቁም። ኮብልስቶን መንገድ ላይ በየቀኑ የሚነዳ ሰው ይህን ዳዶ በየወሩ ይፈትሽ። የፍሬን ሸራውንም እንዲሁ፤ ከሴቻ ሲወርድ 160 ኪሎ የሚይዘው እሱ ብቻ ነው።

እሳትን በተመለከተ ማስፈራራት አልፈልግም፣ ዝም ማለትም አልችልም። በኒውዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ የሊቲየም ባትሪዎች 268 ቃጠሎ አስነሥተው 18 ሰዎች ሞተዋል። ያልተመሳከረ ቻርጀርና ተከፍቶ በአሮጌ ሴሎች የተገጣጠመ ባትሪ የታወቁ መንሥኤዎች ናቸው። የመንደር ቤቶቻችን ብዙ ጊዜ አንድ በር ብቻ ነው ያላቸው። ሞተር ሳይክሉን ሌሊት በሩ ላይ አቁሞ መሙላት፣ እሳት ቢነሣ መውጫውን መዝጋት ነው። ግቢ ውስጥ፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ፣ ዝናብ በማይደርስበት ቦታ፣ ሰው ነቅቶ ሳለ ይሞላ። ያበጠ ወይም የወደቀ ሊቲየም ባትሪ ጨርሶ አይሰካ።

የመጨረሻው ጉዳይ ባትሪው ከሞተ በኋላ ያለው ነው፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ከዚያ 40 ኪሎ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እርሳስ ነው፣ የቀረው አብዛኛው አሲድ። እርሳስ ዋጋ ስላለው የሚገዛ አይጠፋም። አንዳንዱ ግን ጓሮ ውስጥ ሰብሮ፣ አሲዱን መሬት ላይ ደፍቶ፣ እርሳሱን በከሰል ያቀልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በልጆች ደም ውስጥ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን የለም፤ አእምሯቸውን ይጎዳል፣ የተጎዳውም አይመለስም። የተደፋው አሲድና እርሳስ ደግሞ ከጎርፉ ጋር ወደ ኩልፎ ወንዝ ይገባል፤ ኩልፎ የሚፈሰው ወደ ጫሞ ነው፤ የጫሞን ዓሣ የምንበላው እኛው ነን። ስለዚህ ሞተር ሳይክል የምትገዙም የምትጠግኑም፣ የሞተ ባትሪ ሳይሰበርና ሳይከፈት፣ አሲዱን እንደያዘ፣ አዲሱን ለሸጠላችሁ ነጋዴ ወይም በጅምላ ሰብስቦ ለፋብሪካ ለሚያስረክብ ሰው ስጡ። ጓሮ ውስጥ ለሚያቀልጥ ሰው፣ የበለጠ ዋጋ ቢሰጣችሁም፣ አትሽጡ።